ምድር ጠፍ በሆነች ጊዜ

በቀድሞው የመንግሥት ግብር መዝገብ መሬት በሦስት ስም ይጻፍ ነበር፤ ለም፥ ለም ጠፍ፥ ጠፍ እየተባለ። በ1930ዎቹ የወጡት የመሬት ግብር አዋጆችም ይህንኑ አከፋፈል ይዘው ነበር። ለም የተባለው ሰው ሰፍሮ የሚያርሰው ነው፤ ለም ጠፍ የተባለው ከፊሉ ታርሶ ከፊሉ ዱር ሆኖ የቀረው ነው፤ ጠፍ የተባለው ግን አራሽ የሌለበት ነው። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ጠፍ ብሎ በጻፈ ጊዜ ባለመሬቱ ሞቶ እንደ ሆነ፥ ተሰድዶም እንደ ሆነ፥ ወይም ከመጀመሪያው ማንም ሳይደርስበት ቀርቶ እንደ ሆነ አይገልጥም ነበር። ለግብር ሰብሳቢው የሚያስፈልገው ከዚያ ሥፍራ የሚገባው ገንዘብ ማነሱን ማወቅ ብቻ ነበርና። ነገር ግን በዚያች በአንዲት አጭር ቃል ውስጥ ብዙ ታሪክ ተቀብሮ ይገኛል።

በዛሬው ዘመን በልዩ ልዩ አገር ያሉ የተፈጥሮ ሊቃውንት አንድ ጥያቄ እያነሡ ይመራመራሉ። ከሰው ልጅ የሚበዛው ክፍል በአንድ ሌሊት ከምድር ገጽ ቢጠፋ፥ ከስምንት ሺህ ሚሊዮን ከሚበልጠው ሕዝብ ጥቂቱ ብቻ ቢቀር፥ ምድር ምን ትሆናለች? ጥያቄው ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ይመስላል። ዳሩ ግን ከሞጆና ከአዳማ አንሥቶ በአንድ ወገን በመተሐራ ወደ አዋሽ፥ በሌላው ወገን በዝዋይ ወደ ሻሸመኔ ለሚዘረጋው ለስምጥ ሸለቆ አገር ነገሩ በአሳብ ብቻ የሚታይ አይደለም። በከፊል ሆኖ ያለፈ፥ በከፊልም በቅርቡ በዐይን የታየ ነው።

መጻሕፍትን የተማረ ሰው አሳቡ አዲስ እንዳልሆነ ያስታውሳል። በኦሪት ዘፀአት፥ እስራኤል ወደ ተስፋይቱ ምድር በሚገቡበት ጊዜ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች በአንድ ዓመት ተጠራርገው ሳይወጡ ቀስ በቀስ እንዲለቁ የተወሰነበት ምክንያት ተነግሯል፤ ምድሪቱ ባዶ ሆና አራዊት እንዳይበዙባቸው ነው። በመጽሐፈ ነገሥትም የሰማርያ ሰዎች ተማርከው ከሄዱ በኋላ በባዶው አገር አንበሶች ገብተው ከአዲሶቹ ሰፋሪዎች እንደ ገደሉ ተጽፏል። ኦሪት ዘሌዋውያን ግን ነገሩን በሌላ ፊት ያሳየዋል፤ ሕዝቡ በተማረከ ጊዜ ምድሪቱ ተነፍጋ የነበረችውን ሰንበቷን እንደምታርፍ ይናገራል። እንግዲህ ሁለቱ አሳቦች ከጥንት ጀምረው ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንደኛው ሰው የሌለባት ምድር ትከፋለች፤ በሁለተኛው ሰው የሌለባት ምድር ታርፋለች። የዛሬዎቹ ሊቃውንት የሚከራከሩትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በኢትዮጵያ የታየው ወደ መጀመሪያው አሳብ ያዘነብላል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለኢጣልያ ጦር ተብለው ከሕንድ አገር ወደ ምፅዋ በመጡ ከብቶች ምክንያት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አገር ገባ። የሚያስፈራውን ነገር በመልካም ስም መጥራት የአገሩ ልማድ ነው። በሽታው ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ የዘመኑን ታሪክ የመረመሩ ሰዎች ይገምታሉ። በዚያው ሰሞን ዝናብ ጠፋ፤ የበቀለውንም አንበጣና ተምች በላው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ የወደቁት፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት በዚህ ችጋር መካከል ነው። እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ያ ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ ክፉ ቀን ይባላል። የሞተውን ሕዝብ አንድ በአንድ ቆጥሮ የጻፈ የለም፤ ሆኖም ከሦስቱ አንዱ ሳያልቅ እንዳልቀረ በብዙዎች ዘንድ ይገመታል።

የነገሩ አካሄድ ቀስ ብሎ ሊመረመር የሚገባው ነው። በሬው ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ። በጎተራው እህል የነበረው ሰው እንኳ የሚያርስበት ስለ አጣ ለዘር ያስቀመጠውን በላው። ሳይታረስ የቀረው እርሻ በመጀመሪያው ክረምት አረም፥ በሁለተኛው ክረምት ቁጥቋጦ ያዘው። በደጋው አገር ማረስ የጨዋ ሥራ፥ በዶማ መቆፈር ግን የተዋረደ ሥራ ሆኖ ይታይ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ዶማ ለመያዝ አፈረ። ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን ከመመገባቸውም በላይ ይህን እፍረት ለማስወገድ ብለው እሳቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ ይነገራል። በስምጥ ሸለቆ ግን የዶማው ምክር ብዙ አልረዳም። የደጋው ሰው በሬው ቢሞትበት ክንዱ ቀረለት፤ በወተት የሚኖሩት የአርሲ፥ የከረዩና የቦረና ሰዎች ግን ላማቸው ስትሞት ማረሻውም ምግቡም ጥሎሹም አብሮ ሞተ። አርብቶ አደሩ በነዚያ ዓመታት ከአራሹ ይልቅ የተጎዳው ስለዚህ ነው።

ሰው ሲያንስ አራዊት ደፈሩ። በዚያ ዘመን በአገሩ የተዘዋወሩ መንገደኞች ጅብ በቀን ወደ መንደር ይገባ እንደ ነበረ፥ አንበሳና ነብርም ሰው መብላት እንደ ለመዱ ጽፈዋል። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው ክፉ ቀን ለሰው እንጂ ለዱር አራዊት በጎ ቀን ነበር ሊል ይችላል። እንዲህ ግን አልነበረም። የከብቱ በሽታ ሰኮናቸው የተሰነጠቀውን የዱር እንስሶች ሁሉ ፈጅቷል፤ ጎሹም አጋዘኑም ከከብቱ ጋር አብሮ አልቋል። ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ባለው በሰንቀሌ ጥብቅ ሥፍራ የሚገኘው፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይኖረው ቆርኬ ለዚህ ምስክር ነው። አስቀድሞ በሺህ የሚቆጠር መንጋ ሆኖ እስከ ሶማሌ ሜዳ ድረስ ይሰማራ የነበረው ይህ እንስሳ በዚያ በሽታ ከተመታ በኋላ የቀድሞው ብዛቱ አልተመለሰለትም። ዛሬ የቀሩት በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚኖሩትም ሰው አጥር አጥሮ፥ ዘብ አቁሞ ስለ ጠበቃቸው ነው።

በምሥራቅ አፍሪቃ በኬንያና በታንዛኒያ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሣሩን የሚግጠው ከብትና የዱር እንስሳ ሲያልቅ፥ ቁጥቋጦውን በእሳትና በምሳር የሚመልሰው ሰውም ሲሳሳ፥ ሜዳው ጥቅጥቅ ያለ ዱር ሆነ፤ በዱሩም ውስጥ የቆላ ዝንብ ተራባ። ዝንቡ ለሰው የእንቅልፍ በሽታ፥ ለከብት ገንዲ የሚያመጣ ነውና ሰው ልመለስ ባለ ጊዜ መመለሻ አጣ። ከዚያ ወዲህ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ያን ዱር አይተው ከፍጥረት ጀምሮ ሰው ያልረገጠው ገነት መሰላቸው። የትናንቱን መቃብር ለአዳም ገነት መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ስንት ጥብቅ ሥፍራ በዚህ ስሕተት እንደ ተከለለ የሚያስቡት ጥቂቶች ናቸው።

የከብቱ በሽታ ራሱ ግን በሰው እጅ ጠፍቷል። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ተነገረ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የተነቀለ ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው።

ሰው አገሩን ለቅቆ ሲወጣ ማየት ለዛሬው ትውልድም አልቀረለትም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ትንቀጠቀጥ ጀመር። መንቀጥቀጡ እየተደጋገመ ሄዶ ታኅሣሥና ጥር ላይ በረታ፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው በመለኪያው 6 ያህል ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስም ተሰምቷል። መሬት ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፤ ቤቶችም ፈረሱ። በአፋርና በኦሮሚያ ወሰን ያሉት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መንደራቸውን ለቅቀው ወደ መጠለያ ተወሰዱ። ፈንታሌ በ1812 ዓ.ም. ገደማ ገሞራ አፍስሶ እንደ ነበር የጥቁሩ ድንጋይ መስክ እስከ አሁን ያሳያል። አርብቶ አደሩ ሲለቅ ከብቱንና ግመሉን ይነዳል፤ ቤቱን፥ ኩሬውን፥ የአባቶቹን መቃብር ግን መንዳት አይችልም። በነዚያ ሳምንታት ለወረዳ ሹማምንት የቀረበው ጥያቄ ከሊቃውንቱ ጥያቄ ጋር አንድ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ሰው ሲለቅ ምን ይቀራል፥ የቀረውንስ ማን ይጠብቀዋል?

እንግዲህ አሳቡን ወደ አዳማ መውሰድ ይገባል። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው አዳሚ ከሚባለው የቁልቋል ዛፍ ነው ይባላል። ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው ሰይመዋት ነበር፤ ኋላ የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ220 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረባት ስትሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰፍታለች። ከዚህ ሕዝብ ከመቶ አንዱ ብቻ ቀርቶ ሌላው ቢጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው መብራቱ ነው። ከከተማይቱ በላይ ባሉት ኮረብታዎች በ2004ና በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት 34ና 102 የነፋስ ማመንጫዎች በአንድነት 204 ሜጋ ዋት ኃይል ለማውጣት የተሠሩ ናቸው። ነፋሱ አይቆምም፤ ነገር ግን መሥመሩን የሚቆጣጠር ሰው ሲጠፋ መሥመሩ ይቋረጣል፤ መሥመሩ ሲቋረጥም ማመንጫዎቹ ራሳቸውን እንዲያቆሙ ሆነው የተሠሩ ስለ ሆነ ክንፋቸው ይቆማል። ከአዋሽ ተስቦ ለከተማይቱ የሚታደለው ውኃ በኤሌክትሪክ ይገፋልና እሱም ወዲያው ይደርቃል። የቀሩት ሰዎች ሁለት ሺህ ቢሆኑ ከሁሉ አስቀድመው የሚሠሩት ሥራ እንስራ ፈልጎ ወደ ወንዝ መውረድ ነው።

ቤቶቹ ሁሉ እኩል አይቆዩም። የጭቃ ቤት የሚኖረው በየዓመቱ ስለሚመረግ ነው፤ ሦስትና አራት ክረምት ሳይመረግ ከዋለ ግንቡ ይሟሟል፥ ምስጡም ማገሩን ይበላዋል። ቆርቆሮው በነፋስ ተገልጦ ሲወድቅ የግንብ ቤትም ውስጡ ለዝናብ ይጋለጣል። ፎቁ ብዙ ይቆያል፤ ነገር ግን በስንጥቁ ውስጥ ወፍ የጣለችው የዋርካ ዘር ከበቀለበት በኋላ ዕድሜው በሥሩ ጉልበት ይለካል። አስፋልቱን አስቀድሞ የሚሰነጥቀው ሣር ነው፤ ከሣሩ ቀጥሎ ግራር ይመጣል። ቁልቋሉ ወደ ስሙ ቦታ ለመመለስ ብዙ ዘመን አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከከተማይቱ በላይ ያለው ውኃ ነው። የቆቃ ግድብ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሐይቁም ገሊላ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በናዝሬት አጠገብ ገሊላ መኖሩ ለሰሚ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ አዋሽ ከደጋው አፈር ተሸክሞ የሚመጣ ወንዝ ስለ ሆነ የሐይቁ ሆድ ከዓመት ወደ ዓመት በደለል እየሞላ ብዙ ውኃ የመያዝ ኃይሉን አጥቷል። በክረምት ውኃው ሲሞላ በሩን በመጠን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ነው። ይህ ሰው የጠፋ እንደ ሆነ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ እንደ ፈቀደ ይወርዳል፤ ከግድቡ በታች ያሉት ማመንጫዎችም የወንጂ ሜዳም ይውጡታል። በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካ የተከፈተባት ወንጂ በወንዙ መታጠፊያ ላይ ያለች ስትሆን ከጎርፍ የምትድነው አፈር ተቆልሎ በተሠራላት መከታ ነው፤ መከታው ደግሞ በየዓመቱ ካልተጠገነ አይቆምም። ሸንኮራው በመስኖ የለመደ ተክል ነውና ከጎርፉ ቢተርፍ በበጋ ይደርቃል፤ በደረቀውም ላይ እሳት ይነሣበታል። እምቦጭ ግን ይደላዋል። ይህ ተክል በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በቆቃና በአዋሽ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የሚነቅለው እጅ ካጣ ሐይቁን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ሰው ያመጣው ነገር ሰው ሲሄድ አብሮ አይሄድም። በአዋሽ ሸለቆ ቆላውን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኽም እንደዚሁ ነው፤ በረሃውን ያለማል ተብሎ ተተከለ፥ አሁን ግን የሚከለክለው ሰው እያለ እንኳ ግጦሹን ይወስዳል።

የበሰቃ ሐይቅ ነገር ሊቃውንቱንም ያከራክራል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ይህ በመተሐራ አጠገብ ያለ ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ግጦሽ ውጧል፤ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድም ከሥፍራቸው አስነሥቷል። አንዳንዶች ምክንያቱ ከመስኖ እርሻ ወደ መሬት ውስጥ የሚሰርገው ውኃ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ምድሪቱ ራሷ ከሥር ስለ ተንቀሳቀሰች ምንጮቹ ተከፈቱ ይላሉ። መስኖው ቢቆም ሐይቁ ይሸሻል ወይስ አይሸሽም? ዛሬ ትርፉን ውኃ በመጠን ወደ አዋሽ የሚያወጣው ቦይ ሰው ያበጀው ነው። ሰው ሲጠፋ ጥፋቱም መድኃኒቱም በአንድ ቀን ይቆማሉ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደ ነበረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ይሆናል፥ የሚያየው ሰው ካለ።

በአብያታ ግን የሌዋውያን አሳብ ይፈርዳል። ይህ ሐይቅ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ እየተቀበለ ይኖር ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ከዝዋይና ከወንዙ ለመስኖ የሚወሰደው ውኃ በዛ፤ ከሐይቁም ራሱ ሶዳ ለማውጣት ውኃ ተሳበ፤ በዚህም ሐይቁ ከግማሽ በላይ ጎደለ፥ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ነጫጭ ይብራዎች ሻላ ዓሣ ስለ ሌለው በየቀኑ ወደ አብያታ እየበረሩ ይመገቡ ነበር፤ ማዕዳቸው ሲጠፋ እነሱም ተበተኑ። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ የብሔራዊ ፓርክ ስም የተሰጠው ሥፍራ ሐይቁ እየሸሸ የነጭ ሶዳ ሜዳ ሆኗል። ውኃ የሚስበው ሰው ቢጠፋ ቡልቡላ እንደ ቀድሞው ይወርዳል፤ አብያታም ሊሞላ ይችላል። ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ትርፋቸው ወደ አዋሽ ይፈስስ እንደ ነበር በገደሉ ላይ የቀረው የጥንት ዳርቻ ያስረዳል። ያን ያህል እንኳ ባይሆን ይብራው የሚመለስበትን ውኃ ለማግኘት የሰው ዕረፍት ይበቃው ነበር።

ከቤት እንስሶች ማን ይተርፋል? ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት አላት። ሲቃወድና ሲገፋ የኖረው የቆላ በሬ ከፊሉ ያመልጣል፤ ለወተት ብቻ የተዳቀለችው ላም ግን የሚያልባት ባጣች ቀን መታመም ትጀምራለች። ዶሮና በግ ብዙ አይቆዩም። አህያ ግን ሳይወርስ አይቀርም። በዓለም ከሁሉ አገር ይልቅ አህያ የበዛባት ኢትዮጵያ ናት፤ የዱር ዘመዱም በአፋር በረሃ እስከ አሁን ጥቂት አለ። ዕድሜውን ሙሉ ውኃና እህል ተሸክሞ የተደበደበ እንስሳ አገር ቢወርስ ማን ይቀናበታል?

እህሉ ከከብቱ ይልቅ ሰውን የሙጥኝ ያለ ነው። በቆሎ እሸቱ በቅርፊት የተጠቀለለ ስለ ሆነ ራሱን መዝራት አይችልም፤ ስንዴውና ገብሱም ሰው አጭዶ እንዲወቃው ተመርጠው የኖሩ ናቸውና ፍሬያቸውን አይበትኑም። ጤፍ ከነፋስ ጋር የሚበር ዘር ቢኖረውም ደጋግሞ የሚታረስለትና የሚታረምለት መሬት ካላገኘ ከአረሙ ጋር ታግሎ አያሸንፍም። የእርሻ እንሰትም ሰው ግንዱን ሰንጥቆ፥ ቡቃያውን እያፈላ ካላዛወረው ካበበ በኋላ ይሞታል። እነዚህን ዘሮች አባቶች በሺህ ዓመታት ከዱር አውጥተው አሳድገዋቸዋል፤ ሰው በጠፋ በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ አብረው ይጠፋሉ። ከተረፈው ሰው ግን አንድ ቤተሰብ እንኳ አንድ ቁና ዘር ቢጠብቅ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

አራዊቱም ሁሉ ከሰው መጥፋት የሚጠቀሙ አይደሉም። በከተማ ጥራጊና በቄራ ዙሪያ የሚውለው አባ ኮዳ፥ ጥንብ አንሣውና ጅቡ የሰው ጥገኞች ሆነዋል። በትግራይ የጅብን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት በ2004 ዓ.ም. ያሳተሙት ጽሑፍ ለካህናት የሚያስገርም ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና የሚጣለው አጥንት ሲያንስ ጅቦቹ አህያ ማደን ያበዛሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ግን አደኑ ይቀንሳል። ይህንንም ያወቁት በኵሳቸው ውስጥ ያለውን ጠጕር እየለዩ በመቁጠር ነው። እንግዲህ የምእመናኑ ጾም ለጅቡ የሚታወቅ ከሆነ፥ ምእመናኑ ፈጽመው ቢጠፉ የጅቡ ኑሮ እንዴት እንደሚናወጥ መገመት አያዳግትም።

በሌላው ዓለም ሰው በድንገት የለቀቃቸው ሁለት ሥፍራዎች በብዙ ይጠቀሳሉ። አንደኛው ቼርኖቢል ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የአቶም ኃይል ማመንጫው ከፈነዳ በኋላ በማግሥቱ 49 ሺህ ያህል ሰው የነበረባት ፕሪፕያት ከተማ በአንድ ቀን ባዶ ሆነች። ዛሬ በመንገዷ ላይ ዛፍ በቅሎባታል፤ ተኵላና የዱር አሳማ፥ ኋላም አምጥተው የለቀቋቸው የዱር ፈረሶች በዙሪያዋ ይሰማራሉ። መርዙ ግን ከመሬቱ አልወጣም። በዓለም ላይ ዛሬ ከ400 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ማመንጫዎች አሉ፤ ሁሉም ሙቀታቸውን የሚያበርድ ውኃና ጠባቂ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የሰው መጥፋት ለምድር ንጹሕ ዕረፍት ይሆናል የሚለው አሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሁለተኛው በኮርያ ልሳነ ምድር ላይ ያለው ነው። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቆች የተዋጉበት ጦርነት በ1945 ዓ.ም. ሲቆም በሁለቱ ወገን መካከል አራት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መሬት ሰው እንዳይገባበት ተደረገ፤ በሌላ ሥፍራ እየጠፋ ያለው ራሱ ቀይ ወፍ በዚያ ይከርማል። ሰላሙን የሚጠብቅለት ግን የተቀበረ ፈንጂ ነው።

የሰው ሥራ ሁሉ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ድንጋይ ነው። ከዝዋይ በስተምዕራብ በገደሞታ ኮረብታ ላይ ከ270 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ከጥቁር የገሞራ መስታወት ፈልጠው የሠሯቸው የጦር ጫፎች ተገኝተዋል፤ ጠርዛቸው ዛሬም ይቈርጣል። በዚያ ዘመን ሰው በምድር ላይ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ምድሪቱም ሐይቆቿም ያለ ብዙ ሰው ይኖሩ ነበር። ከአዳማ የሚታየው አንድ ፎቅ ያን ያህል አይቆይም። የላሊበላ ዓለት ግን ይቆይ ይሆናል። በዝዋይ ደሴቶች ላይ ያሉት መጻሕፍት ደግሞ ከድንጋይም ከጭቃም የተለዩ ናቸው። በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በቱሉ ጉዶ ደሴት እንደ ተሸሸጉ በአገሩ ይነገራል፤ በደብረ ጽዮን ማርያም የሚገኙት የብራና መጻሕፍትም እስከ ዛሬ የደረሱት ብራናው ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ከነቀዝ፥ ከእርጥበትና ከአይጥ የሚጠብቃቸው የዛይ ሕዝብ በደሴቱ ላይ ስለ ኖረ ነው።

ከሞጆ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ዝቋላ ይታየዋል። በተራራው ጫፍ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁም ዙሪያ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምና ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን አለ። ጻድቁ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው እንደሚሣሉ ካህናቱ ያውቃሉ። በዙሪያው ያለው ቆላና ወይና ደጋ ተመንጥሮ ባለቀበት ጊዜ ይህ ደን የቀረው ሰው ሳይደርስበት ቀርቶ አይደለም፤ መነኮሳት ስለ ኖሩበት ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በተራራው ላይ እሳት ተነሥቶ ደኑን ይበላ ጀመር። ከአካባቢው መንደሮችም ከአዲስ አበባም ሰው እየተጠራራ ወጣ፤ ቅጠል እየዘነጠፈ፥ አፈር እየበተነ፥ ውኃ በጀርካን እየተሸከመ ከእሳቱ ጋር ቀንና ሌሊት ታገለ፤ በመጨረሻም አጠፋው። በዚያ ሳምንት በተራራው ላይ ሰው ባይኖር እሳቱ የሚቆመው ሐይቁ ዳር ሲደርስ ነበር።